ስምንቱ ትርፍ ዓመታት

አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ አፓርትመንቶች ሥር ባለችው የሐበሻ ግሮሰሪ ደጃፍ፣ ስለ ቁልፍ ሠሪው ስለ ወልደአምላክ የሚወራው እንዲህ ነው። ሰውየው የመንግሥት ጡረታ ቶሎ ለመብላት ብሎ በዕድሜው ላይ ስምንት ዓመት ደረበ። ከሃምሳ አራት ዓመቱ ጀምሮ ቼኩን እየተቀበለ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ደመወዙን እየበላ፣ በሁለት ጉንጩ ሲያላምጥ ኖረ። በመጨረሻ የሚሠራበት ኮሌጅ ነቃበትና አባረረው። ሲባረርም ባዶ እጁን አልወጣም፤ ክንድ የሚያህል የወርቅ ቁልፍ ይዞ ወጣ።

ወሬውን የፈተለው ዘሪሁን የሚባል ታክሲ ነጂ ነው። ዘሪሁንን ውሸታም ማለት ግፍ ነው። የሚያወራው ነገር ቁራጭ ቁራጩ ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸቱ የሚሰፋበት ክር ብቻ ነው። ስምንት ዓመት መጨመሩ እውነት ነው። የጨመረው ግን ወልደአምላክ አይደለም፤ ከጡረታውም ሥራ እስከለቀቀበት ቀን ድረስ አንዲት ሳንቲም አልቀመሰም። ኮሌጁም አላባረረውም፤ አከበረው። ወልደአምላክ ራሱ እንደሚለው ቢያባርሩት ይሻለው ነበር፤ የሚባረር ሰው ቢያንስ በግድ ኬክ አይቀበልም። ቁልፉም አለ፤ ክንድም ያህላል፤ ግን ፕላስቲክ ነው። አሁን የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት እንዳይዘጋ ደግፎ ይዟል።

ነገሩ የሚጀምረው ካርቱም ነው። ወልደአምላክ የተወለደው ደብረ ሲና፣ በ1942 ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። በፈረንጅ ሲቆጠር ኖቬምበር 1949 መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ 1988፣ ስደተኛ ሆኖ አሜሪካ ለመሄድ ፎርም ሲሞላ፣ ወባ ይዞት በላብ የተጠመቀ አስተርጓሚ ደረሰው።

«መቼ ተወለድክ?» አለው።

«በአርባ ሁለት።»

አስተርጓሚው ቀና እንኳ ሳይል 1942 ብሎ ጻፈ። ለወሩና ለቀኑ ደግሞ ጃንዋሪ አንድ አለው፤ ያን ዕለት ወረፋ የያዘ ሐበሻ በሙሉ የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ወልደአምላክ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ቢሮ ገብቶ በአርባ ስድስት ዓመቱ ወጣ። ሲወጣ ጉልበቱን እንኳ አላመመውም።

አሌክሳንድሪያ ገብቶ ከረመና ሊያስተካክለው ሲነሳ፣ ቀድሞት የመጣው አብሮ አደጉ መስፍን ዘልሎ እጁን ያዘው።

«አብደሃል እንዴ? ያመጣህን ወረቀት ትነካካለህ? ወረቀት ማለት የንብ ቀፎ ነው። ዝም ካልከው ማር ይሰጥሃል፤ ከነካካኸው ፊትህን ነው የሚያሳብጠው።»

ወልደአምላክም ተወው። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይመቸው ነበር፤ ሐኪም ቤት ነርሶቹ ፋይሉን አይተው «ለዕድሜህማ ልጅ ትመስላለህ» ሲሉት ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ይወጣል። እዳው በኋላ የሚመጣ ነገር መሆኑን ማን ነግሮት?

በፈረንጆቹ 1996፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አጠገብ ባለ ፌርሎው በሚባል ትንሽ ኮሌጅ በቁልፍ ሠሪነት ተቀጠረ። ሙያውን የተማረው ከካርቱም ማዶ፣ ኦምዱርማን፣ ከአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው ያልከፈተው ሳጥን አልነበረም። ፌርሎው ሊበራል አርትስ ከሚባሉት ኮሌጆች ነው፤ ልጆቹ ከፍልስፍናውም ትንሽ፣ ከከዋክብቱም ትንሽ፣ ከሸክላ ሥራውም ትንሽ ይቀምሱና «ሙሉ ሰው» ሆነው ይወጣሉ ይባላል። ወልደአምላክ ሙሉ ሰዎቹን የሚያውቃቸው ቁልፍ ሲጠፋባቸው ነው። የሥነ ምግባር ፕሮፌሰሩ በዓመት አራት ጊዜ ቁልፉን ይጥላል፤ አራቴም «የጽዳቷ ሴት ወስዳው ነው» ይላል፤ ቁልፉ አራቴም ከራሱ ካፖርት ኪስ ይገኛል። ሴትዮዋን ግን አንድም ቀን ይቅርታ ሲጠይቃት አልታየም።

ይህን ሁሉ የቻለው ለአንዲት መስመር ሲል ነው። በቅጥር ውሉ ላይ «ሠራተኛው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ልጁ ኮሌጁ ውስጥ በነጻ ትማራለች» የምትል መስመር ነበረች። ወልደአምላክ ከላንድማርክ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በየማለዳው ቤልትዌይ በሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ላይ ከጭነት መኪና ጋር ሲጋፋ የኖረው ለእሷ መስመር ነው። ልጁ ያኔት በ2010 ገባች። ባዮሎጂ መረጠች። የምትጨርሰው በሜይ 2014 ነው። ወልደአምላክ ሌላ ልመና አልነበረውም፤ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ «እስከ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ሜይ ድረስ ወንበሬን አታስነካብኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈቀድክ» ይል ነበር። ሚስቱ ጸዳለ ጸሎቱን ሰምታ «ለፈጣሪ ቀጠሮ ትሰጣለህ?» ብላ ትስቅበታለች።

2012 ሲገባ ኮሌጁ በልደት አበደ። ኮሌጁ መቶ ሃያ አምስት ዓመት ሞላው። ቤተ መጻሕፍቱ ሃምሳ። መዋኛው ሃያ አምስት። የቆሻሻ መለያ በርሚሎቹ ሳይቀሩ አሥረኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ነው ተባለ። በየዛፉ ባንዲራ፣ በየብርጭቆው 125፣ በየሳሙናው 125። ወልደአምላክ መጸዳጃ ቤት ቆሞ ሽንቱን ሲሸና ፊት ለፊቱ «መቶ ሃያ አምስት ዓመት የብርሃን ጉዞ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያነባል። የሰው ቤት ልደት እንዲህ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ሲገባ አይቶ አያውቅም። ሰዎቹ በተገናኙ ቁጥር እየተቃቀፉ «ሃፒ አኒቨርሰሪ!» ይባባላሉ፤ ሲለያዩ ደግሞ ያቀፉትን ሰው ስም ከሌላው ይጠይቃሉ።

ከሁሉ የሚያቅለሸልሸው ግን ቁጥሩ ራሱ ነው፤ ውሸት መሆኑን ያውቃላ! ከዓመታት በፊት የአሮጌውን ሕንጻ ምድር ቤት መዝጊያ ሊቀይር ወርዶ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ሲያነሳ፣ ግድግዳው ላይ አንድ የመሠረት ድንጋይ አገኘ። «ፌርሎው ኮሌጅ ዛሬ ተመሠረተ፣ 1895» ይላል። ወጥቶ ለአሮጊቷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነገራት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ እስኪያስላት ሳቀች።

«እሱን አገኘኸው? ከወንዙ ማዶ ያለው ኮሌጅ በ1889 የተመሠረተ ነው። የኛዎቹ ታናሽ መባል አልወደዱም። ፈልገው ፈልገው፣ በ1887 አንዲት የቄስ ሚስት ሳሎኗ ውስጥ ለስድስት ልጃገረዶች ጥልፍ ማስተማሯን አገኙ። በቃ፣ እሷ ናት የመሠረተችን አሉ።»

ስምንት ዓመት። ያኔ ወልደአምላክም አብሯት ሳቀ። እሱም ስምንት የማያውቃቸው ዓመታት ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነውና ኮሌጁን እንደ ቢጤው ቆጠረው።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ሄዘር አንድ ፊኛ ይዛ ወደ ቁልፍ መሥሪያ ክፍሉ ወረደች። ፊኛው ላይ 70 ተጽፏል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው፤ በሩን እንኳ ወደ ውጭ ይከፈታል ወደ ውስጥ አላወቀችም።

«ወልዲ! ሰባ ሞልተሃል! ኮሌጁ መቶ ሃያ አምስት፣ አንተ ሰባ! ወርቃማ ቁልፎች የሚባል ፕሮግራም አለን፤ በልደቱ ቀን ልናከብርህ እንፈልጋለን። ፈቃደኛ ነህ?»

እዚህ ላይ ያገሩን ሰው ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ክብር ሲሰጥህ አንዴ ትገፋለህ፤ ሁለቴ ትገፋለህ፤ ሦስተኛው ላይ አንገትህን ሰበር አድርገህ ትቀበላለህ። በመጀመሪያው ዘው ካልክ ስግብግብ ነህ፤ ሦስተኛውን ከገፋህ ትዕቢተኛ ነህ።

«ኧረ ለእኔ አይገባም» አለ።

«ይገባሃል እንጂ!»

«ተይው፣ ለሌላ ሰው ይሁን።»

«ከአንተ በላይ ማን አለ?»

ሦስተኛው ላይ አንገቱን ሰበረ። ወረቀት ዘረጋችለት፤ አምስት ገጽ ነው። ሊያከብርህ የመጣን ሰው ፊት ለፊት አቁሞ ወረቀት ማንበብ መጠርጠር ነው፤ መጠርጠር ደግሞ ነውር ነው። ወልደአምላክ ሳያነብ ፈረመ። ፊኛውን ሞረድ ማሽኑ ላይ አስራለት ወጣች።

በነጋታው ምሳ ሰዓት ነው ያኔት መሥሪያ ክፍሉ መጥታ ወረቀቱን ያየችው። ሳንድዊቿን እያላመጠች ጀመረች፤ ገጽ ሁለት ላይ ማላመጧን አቆመች።

«ዳድ፣ ዲድ ዩ ሪድ ዚስ? አንብበኸዋል?»

«ክብር ነው። በልደቱ ዕለት ሊሸልሙኝ ነው።»

«ሪታየርመንት ነው ዳድ! ኦክቶበር ሃያ ቀን በራሴ ፈቃድ ሥራ እለቃለሁ ይላል። ፈርመሃል!»

«ማን? እኔ?»

«ፔጅ ፎር እየው። የኔ ነጻ ትምህርት ከክሪስማስ በኋላ የለም።»

ወልደአምላክ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ፊርማው የራሱ ነው፤ አምሮበታልም። ከዚያ ቀና ብሎ ፊኛውን አየ። በኪሱ ከሚይዛቸው ሞረዶች ቀጭኑን መርጦ ወጋው።

ጸዳለ ስትሰማ አልጮኸችም። «አንተኮ ሱሪ ስትገዛ እንኳ ኪሱን ገልብጠህ ነው የምታየው» አለችና ፊቷን አዞረች። ይሄ ከጩኸት የባሰ ነው።

ሄዘር ጋ ሄደ። የተፈረመ ወረቀት አይመለስም አለችው፤ ሰባ ያልሞላውን ሰው ግን ፕሮግራሙ አይመለከተውም፤ ስህተት ካለ ማስረጃ ያምጣ። ወልደአምላክ ከክፍሏ ሲወጣ እየበረረ ነበር። ሰባ አልሞላውማ! ስልሳ ሁለት ነው! ሃያ አራት ዓመት ንቡን ፈርቶ ያልነካውን ቀፎ አሁን ሊከፍት ነው። ደብረ ሲና ላለችው እኅቱ ደወለ። እኅቱ ደግሞ ነገር የማይገድባት ሴት ናት፤ ከተጠመቀበት ደብር የክርስትና ምስክር ወረቀት አስወጥታ፣ አዲስ አበባ ድረስ ወርዳ ቃል በቃል በእንግሊዝኛ አስተርጉማ፣ ማኅተም በማኅተም አድርጋ በሰው ላከችለት። ለሦስት ወር ነው ወረቀቱን የጠበቀው። ደርሶት ሲያየው ሐምራዊው ማኅተም ብቻ ያስፈራል፤ ይሄን አይቶ የማያምን ሰው የለም ብሎ በነጭ ፖስታ አድርጎ፣ ከረባት አስሮ፣ ሄዘር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት።

ሄዘር አነበበች። ፊቷ በራ።

«ኅዳር አሥራ ሁለት፣ 1942! ወልዲ፣ ፋይላችን ያለውም 1942 ነው። እንዴት ደስ ይላል! አሁን ፋይልህ ሙሉ ሆነ።»

ወረቀቱንም ኮፒ አድርጋ ከፋይሉ ውስጥ ከተተች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ነበር።

«የለም፣ የለም» አለ ወልደአምላክ ከወንበሩ ተነስቶ። «ይሄ የኛ 1942 ነው። በእናንተ ሲሆን 1949 ነው። እኛ ወደ ኋላ ነን።»

«1942 አንድ ብቻ ነው፣ ወልዲ።»

«የኛ ሌላ ነው። የራሳችን አቆጣጠር አለን።»

ሄዘር እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሁሉ አቀረረ።

«የራሳችሁ ዓመት አላችሁ? ሶ ቢዩቲፉል! ይሄን በበዓሉ ቀን ለሰው ትነግርልን ይሆን?»

ወልደአምላክ በዕድሜው ብዙ ስድብ ሰምቷል፤ ካርቱም ፖሊስ ሰድቦታል፣ ቤልትዌይ ላይ በየቀኑ ይሰደባል። እንደዚህች «ቢዩቲፉል» ግን የቆጠቆጠው የለም። ያኔትም በበኩሏ ሄዳ በቁጥር፣ በሠንጠረዥ አስረዳች። በመጨረሻ የተባለው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይምጣ ነው። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ቀጠሮ ደግሞ ዲሴምበር ላይ ነው፤ በዓሉ ኦክቶበር ሃያ።

በዚህ መሃል ግሮሰሪው ጋ ወሬው ደርሷል፤ ለጡረታ ብሎ በዕድሜው ላይ ደረበ ተብሏል። ወልደአምላክ ቲማቲም ሊገዛ ገባ እንዳለ ዘሪሁን ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ጎንበስም አለ።

«አባባ፣ እንደምን አደሩ! ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!»

«አንተ ልጅ፣ ትናንት አንተ ስትለኝ አልነበር?»

«ትናንትማ ሰባ አልሞላዎትም ነበር።»

«ስልሳ ሁለት ነኝ ብዬሃለሁ!»

«አባባ፣ እኛ የምናውቀው ሰው ወደ ፊት ሲያረጅ ነው። እርስዎ ደግሞ ሪቨርስ አስገቡ እንዴ? ትንሽ ቢገፉበት እኮ ክርስትና እናነሳዎታለን።»

ግሮሰሪው በሳቅ ፈረሰ። ሥጋ ቆራጩ ሳቀ፣ ካሸሯ ሳቀች። ወልደአምላክ ቲማቲሙን ትቶ ወጣ። ኮሌጁ ሽማግሌ አደረገው፤ ያገሩ ሰው ደግሞ ሌባ። የሚገርመው ሁለቱም ያቅፉት ነበር፤ ዘሪሁን እስከ መኪናው ድረስ ክንዱን ደግፎ ነው የሸኘው።

ኦክቶበር ሃያ ቅዳሜ ዋለ። ሣሩ ላይ ትልቅ ነጭ ድንኳን ተተከለ፤ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። መሃል ላይ የአሮጌው ሕንጻ አምሳያ ኬክ ቆሟል፤ ምሰሶው ክሬም፣ ጣሪያው ቸኮሌት፣ መስኮቱ ከረሜላ። ፕሬዚዳንቱ የሕንጻውን ደወል ማማ በጣቱ ገምሶ ጎረሰና፣ ጣቱን ልሶ፣ በዚያው ጣት የወልደአምላክን እጅ ጨበጠ። ወልደአምላክ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ተጣብቆ አልለቅ አለው። የሥነ ምግባር ፕሮፌሰሩ መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ቁልፌን ሁልጊዜ የምታገኝልኝ አንተ ነህ» አለው፤ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ሳህን የምትሰበስበውን ያቺኑ የጽዳት ሴት አላያትም። ከዚያ ንግግር ተጀመረ። ስለ ቄሱ ሚስት ተነገረ፤ ስለ ስድስቱ ልጃገረዶች ተነገረ፤ ጥልፋቸው የነጻ አስተሳሰብ ዘር ነበር ተባለ። ሰው አጨበጨበ። አንዳንዱ አለቀሰ። ወልደአምላክ የተሰጠውን ኬክ በሶፍት ጠቅልሎ ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

ያኔት ከኋላ ከጸዳለ ጋር ተቀምጣለች። እውነቱ አስቀድሞ ይነገር፤ ከገና በኋላ ያኔት እዚህ ኮሌጅ አልተመለሰችም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረች፤ ግማሹን ትምህርቷን አልቀበልም አሏትና ከእኩዮቿ ሁለት ዓመት ዘግይታ ነው የጨረሰችው። ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር ለወልደአምላክ ስልሳ ሦስት ዓመትህ ነው ብሎ ፈረደለት። ፍርዱ የደረሰው ወንበሩ ከተነሳ በኋላ ነው። ያን ቅዳሜ ግን ሁለቱ ሴቶች የሚመጣውን እየጠረጠሩ፣ ለደስደስ የተሰጣቸውን ትንንሽ ባንዲራ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር።

ስሙ ተጠራ። «ሰባ ዓመት!» አለ ፕሬዚዳንቱ፤ «ሰባ የጥበብ ዓመት!» ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ። ሄዘር በቬልቬት ትራስ ላይ የፕላስቲኩን ወርቃማ ቁልፍ ይዛ መጣች። በምትኩ የወልደአምላክን እውነተኛ የቁልፍ ቀለበት መድረክ ላይ እንዲያስረክብ ጠየቀችው፤ «ምልክት ነው» አለችው በሹክሹክታ። ቀለበቱ ኪሎ ያህላል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ወገቡን ሲያዘነብለው ኖሯል። ከቀበቶው ሲፈታው ወገቡ ቀለለው፤ ያ መቅለል ራሱ አስጠላው።

ማይክ ሰጡት። «ስለ ራሳችሁ ዓመት ንገራቸው!» አለችው ሄዘር ከጎኑ፣ ጥርሷ እያበራ።

ቀለበቱ ገና ወልደአምላክ እጅ ላይ ነው። ከቀለበቱ ላይ አንድ ዝገት የበላው አጭር ቁልፍ ለይቶ፣ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገው።

«ይሄ የአሮጌው ሕንጻ ምድር ቤት ቁልፍ ነው» አለ። «ከወንበሮቹ ጀርባ ድንጋይ አለ። ኮሌጁ የተመሠረተው በ1895 ነው ይላል። ወርዳችሁ አንብቡት።»

ቁልፉን የቬልቬቱ ትራስ ላይ አስቀመጠ። ሄዘር ፈገግታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ወልደአምላክ ማይኩን ሳይመልስ ጠየቀ።

«የኔን ስምንት ዓመት የጨመረው ወባ የያዘው አስተርጓሚ ነው። የእናንተን ማን ጨመረላችሁ?»